የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው
“ሆላንድ ካር” ለምን ከገበያ ወጣ? ለዛሬው ነጋዴስ ምን ትምህርት ትቶለት አለፈ?

በባሕር ዳር ሹም አቦ አካባቢ ነጋዴና ደላላ ቡና ላይ ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ መኪና ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ የትኛው ስም ዋጋውን ይዞ ይቆያል፣ የትኛው ሊብሬው ሳይዞር ግማሽ ዋጋውን ያጣል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል ግን በጣና ዳር ሰው ዘንድ የራሱ ሊሆን ይገባው የነበረ አንድ የመኪና ስም እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ስሙ “አባይ” ነው።

“አባይ” ከጣና የሚወጣው ወንዝ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ ምድር የተገጣጠመች፣ በኢትዮጵያ ስም የተጠራች የቤት አውቶሞቢልም ነበረች። ያወጣት ድርጅት “ሆላንድ ካር” ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያና በሆላንድ ሽርክና ተመሥርቶ፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሞጆ መኪና ሲገጣጥም ቆይቶ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው በ2005 ዓ.ም. ለኪሳራ ተዳርጎ ከገበያ ወጣ። መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ ከስንት አንዴ ይታያል። ስሙ ግን ከገበያ ወሬ ወጥቷል።

ለመሆኑ ድርጅቱን ምን ገደለው? ጥያቄው ለታሪክ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። ዛሬ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪና ገጣጣሚ በየአቅጣጫው እየተነሣ፣ ነጋዴውም ቀብድ እንዲከፍል በሚጠየቅበት ሰዓት የሆላንድ ካር ሒሳብ እንደገና ቢታይ የሚያተርፍ እንጂ የሚያከስር አይሆንም።

ከፊያት ዘር የተወለደ

የሆላንድ ካር የመጀመሪያ መኪና “ዶክ” የተባለው ነበር። ይህ መኪና አዲስ ፍጥረት አልነበረም። የጣሊያኑ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያወጣውና በ1984 በአገሩ ማምረት ያቆመው ፊያት 131፣ በቱርኩ ቶፋሽ ኩባንያ እጅ ረዥም ዕድሜ አግኝቶ ነበር። “ዶክ” የዚሁ ዘር ነው።

ምርጫው በአንድ በኩል ብልህነት ነበረው። ፊያት ለኢትዮጵያ መካኒክ ባዕድ አይደለም። የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነው የኖሩት ላዳዎች እንኳ ከፊያት 124 የተወለዱ ናቸው። ሞተሩ የኋላ እግር የሚነዳ፣ ቀላልና በማንኛውም ጋራዥ የሚፈታ በመሆኑ ለአገራችን መንገድ አይከፋም።

በሌላ በኩል ግን ገዢው አዲስ መኪና ብሎ ገንዘቡን ሲያወጣ ያገኘው የ1970ዎቹን መልክ ነበር። በዚያው ገንዘብ ወይም ጥቂት ጨምሮ ያገለገለ ቶዮታ ማግኘት የሚችል ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመኪና ደላላ ማስረዳት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ገበያ መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማስቀመጫም ነው። ሰው ቶዮታ የሚገዛው ለመንዳት ብቻ አይደለም፤ በቸገረው ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚሸጠው ስለሚያውቅ ጭምር ነው። አዲስ ስም ይዞ ወደዚህ ገበያ የሚገባ ሁሉ የሚወዳደረው ከሌላው አዲስ መኪና ጋር ሳይሆን ከዚህ እምነት ጋር ነው።

የወንዞቹ ስም

ድርጅቱ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ፊቱን ወደ ቻይና አዞረ። ከሊፋን ኩባንያ የተበታተነ አካል አስመጥቶ “ሊፋን 520” የተባለውን አውቶሞቢል ሞጆ ላይ እየገጣጠመ “አባይ” ብሎ ሰየመው። በኋላም ጃክ ከተባለው ሌላ የቻይና አምራች ጋር ተዋውሎ “አዋሽ”፣ “ተከዜ” እና “ናኦሚ” የተባሉትን አወጣ።

ስያሜው የገዢውን ልብ የሚነካ ነበር። ይሁንና ስም መስጠትና የስሙ ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመኪናው ንድፍ፣ የሞተሩ ሥሪት፣ የመለዋወጫው ምንጭ የቻይናው አምራች ነበር። የሞጆው ድርጅት የነበረው የመገጣጠሚያ ቦታው፣ ሠራተኛውና ያወጣው ስም ነው። አምራቹ ገበያው እንደሚያዋጣ ካየ፣ በራሱ ስም ከመግባት የሚያግደው ነገር በውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

የሆነውም ይኸው ነበር። ሊፋን የራሱን ኩባንያ በኢትዮጵያ ከፍቶ በራሱ ስም መገጣጠምና መሸጥ ጀመረ። ትናንት ዕቃ አቅራቢ የነበረው ዛሬ ተፎካካሪ ሆነ። “አባይ” ብሎ የገዛው ደንበኛ ያንኑ መኪና “ሊፋን” ተብሎ ሲሸጥ አየ። የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ የራሱን ስም የለጠፈ ነጋዴ፣ ገበያውን ሲያለማ የሚያለማው ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። ብቸኛ ወኪልነቱ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ መለዋወጫ ማን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ካልያዘ፣ ያለማው ማሳ የሰው ነው።

የምንዛሪው ምት

ከሁሉ የከበደው ግን ከመንግሥት የምንዛሪ ውሳኔ የመጣው ነበር። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ቀነሰው። አንድ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ተነሥቶ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገባ። ዶላር በአንድ ሌሊት 20 በመቶ ያህል ተወደደ ማለት ነው። በሆላንድ ካር ላይ ከደረሱት ችግሮች መካከል ጎልቶ የተነሣው ይህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ሒሳብ መሥራት ይበቃል። አንድ ገጣጣሚ ለአንድ መኪና የተበታተነ አካል 8,000 ዶላር ይከፍላል እንበል። በቀድሞው ምንዛሪ ይህ 108,800 ብር ነው። በአዲሱ ምንዛሪ 130,800 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ መኪና 22,000 ብር ነው። ነጋዴው ከአንድ መኪና 15,000 ብር ለማትረፍ አስቦ ዋጋውን ከደንበኛው ጋር አስቀድሞ ከቆረጠ፣ ትርፉ ጠፍቶ በእያንዳንዱ መኪና 7,000 ብር ይከስራል። መቶ መኪና ለማስረከብ ውል ከገባ ኪሳራው 700,000 ብር ነው። በተለመደው ንግድ ብዙ የሸጠ ያተርፋል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ግን ብዙ የሸጠ ብዙ ይከስራል።

ሁለት መውጫ ብቻ ይቀራል። አንደኛው ደንበኛውን ጨምር ማለት ነው፤ ይህ ስምን ያበላሻል፣ ወደ ፍርድ ቤትም ይወስዳል። ሁለተኛው ኪሳራውን ውጦ ማስረከብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥሪት ያስፈልጋል። ጥሪቱ ከሌለ አዲስ ደንበኛ በከፈለው ቀብድ የቀድሞውን ደንበኛ መኪና ማስመጣት ይጀመራል። ይህ መንገድ መጨረሻው የሚታወቅ ነው። ጉድጓድ በሌላ ጉድጓድ አፈር አይሞላም።

ምንዛሪው ሲወደድ የባንኩም በር ጠበበ። ዶላሩ የሚገኘው ወረፋ ተጠብቆ ነው። ወረፋው ወራት ሲፈጅ የደንበኛው ገንዘብ ተቀምጦ ይከርማል፣ የሠራተኛው ደመወዝና የቦታው ወጪ ግን አይቆምም። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት አዘዘ። መመሪያው የወጣው ለመኪና ገጣጣሚ ተብሎ አይደለም፤ ነገር ግን የባንኮቹን እጅ ባጠረበት ጊዜ ጥሪት ያነሰው ገጣጣሚ መጀመሪያ እንደሚጎዳ ግልጽ ነው።

ስሙ ወንዝ፣ ኑሮው ዶላር የሆነ መኪና ዶላር አጣ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው።

ግብሩና የገበያው ስፋት

ብዙ ሰው “ግብሩ ነው የገደለው” ይላል። በአባባሉ እውነት አለ፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ሙሉ መኪና የሚያስመጣ ሰው 35 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ፣ እንደ ሞተሩ መጠን ከ30 እስከ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ፣ 15 በመቶ ቫት እና ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይከፍል ነበር። እነዚህ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ስለሚሰሉ ወደብ ላይ 100,000 ብር የሚያወጣ መኪና፣ ሌላው ክፍያ ሳይታሰብ፣ እንደሚከተለው ይሆናል።

ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ 222,007 ብር።
ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ ከሆነ 273,240 ብር።
ከ1,800 ሲሲ በላይ ከሆነ 341,550 ብር።

አገር ውስጥ ለሚገጣጠም መኪና የሚገባው የተበታተነ አካል የሚከፍለው ቀረጥ ከሙሉ መኪና ያነሰ ነበር። ኤክሳይዝ ታክሱ ግን ሕጉ አገር ውስጥ የተመረተውንም የሚጨምር ነበር። በሌላ ወገን ያገለገለ መኪና ወደብ ላይ የሚታሰብበት ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ የሚደራረበው ግብርም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ገጣጣሚው ከአዲስ መኪና አስመጪ ይሻል ይሆናል እንጂ፣ ዋናው ተፎካካሪው የነበረውን አሮጌ ቶዮታ የሚያሸንፍበት ሰፊ ልዩነት አልነበረውም። አሮጌ መኪናን የሚያስወድደው የኤክሳይዝ ሕግ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ለሆላንድ ካር የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ከግብሩ ባልተናነሰ የጎዳው የገበያው ጥበት ነው። መኪና መገጣጠም በብዛት የሚያተርፍ ሥራ ነው። ጥቂት መኪና በተለያየ ስምና ሞዴል መከፋፈል ለእያንዳንዱ የተለየ ፍሪሲዮን፣ የተለየ ፓራውልት፣ የተለየ ፓውዛ በመጋዘን ማስቀመጥን ይጠይቃል። ከፊያት ዘር ወደ ሊፋን፣ ከሊፋን ወደ ጃክ በተዛወረ ቁጥር ድርጅቱ የቀድሞውን መለዋወጫ ሸክም ሳያራግፍ አዲስ ተሸክሟል። ገዢውም በየጊዜው ዘሩ የሚለዋወጥ መኪና ነገ መለዋወጫው ይገኝ እንደሆነ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አውሮፓም ያልፈታው እንቆቅልሽ

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሆላንድ ራስዋ ዳፍ የተባለ የቤት መኪና ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1958 ማርሽ መቀየር የማይፈልግ ትንሽ መኪና ለሕዝብ አሳይታ ዓለምን አስደንቃ ነበር። ጥሩ ፈጠራ ብቻውን ግን ትንሽ ፋብሪካን ከትልልቆቹ ጋር አያስተካክልም፤ በ1975 የስዊድኑ ቮልቮ የመኪናውን ክፍል ተቆጣጠረው፣ የዳፍ ስምም በከባድ መኪና ላይ ብቻ ቀረ። በሰሜን አየርላንድ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው ዴሎሪያን ደግሞ 9,000 ያህል መኪና ብቻ ሠርቶ በ1982 ወደቀ። የዩጎዝላቪያው ዩጎ እንደ ሞጆው “ዶክ” በፊያት መሠረት ላይ የቆመ ነበር። አሜሪካ ድረስ በርካሽነቱ ተሽጧል፤ ርካሽነቱ ስሙን ሊያድነው ግን አልቻለም።

በአንጻሩ እዚሁ አገር የቆየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በጣሊያኖችና በኢትዮጵያ መንግሥት ሽርክና የተመሠረተው አምቼ ከንጉሡ ዘመን አንሥቶ፣ ደርግን አልፎ፣ ለልጅ ልጅ ደርሷል። ልዩነቱ የሚታየው በሦስት ነገር ነው። የሚገጣጥመው የጭነት መኪና ነው፤ የጭነት መኪና ገዢ መልኩን ሳይሆን የሚያስገባለትን ገንዘብ ይቆጥራል። የመኪናው ባለቤት የሆነው አምራች ራሱ በሽርክናው ውስጥ ገንዘቡን አስገብቷል፤ ስለዚህ ሽርካውን ጥሎ ቢወጣ የሚጎዳው ራሱንም ነው። ሦስተኛ፣ ዘሩን ሳይቀያይር በመቆየቱ መካኒኩም መለዋወጫ ነጋዴውም ተላምዶታል።

ባሕር ዳር ሩቅ ሳይሄድ ሌላ ምሳሌ ከደጁ ያገኛል። ባጃጅ ሲመጣ ማንም የማያውቀው ስም ነበር። ዛሬ የከተማው ሰው ያለ ባጃጅ መንቀሳቀስ ይቸግረዋል። ያሸነፈው በውበቱ አይደለም። በገባ ማግስት ለባለቤቱ የዕለት ገቢ ማምጣት ጀመረ፣ ዕቃው በየሱቁ ተሸጠ፣ የሚጠግነው ልጅ በየመንደሩ ተገኘ። ስም የሚገነባው በመለዋወጫ ሱቅ እንጂ በማስታወቂያ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የቀብዱ ነገር

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው የቀብዱ ጉዳይ ነው። ሆላንድ ካር ሲወድቅ አስቀድመው ከፍለው መኪናቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን አልፈጽምም ካለ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይላል። ብዙ ገዢ በዚህ ተማምኖ ይተኛል። ነገር ግን የባዶ ኪስ እጥፍ ያው ባዶ ነው። ድርጅቱ ኪሳራ ሲገባ ፋብሪካውንና ዕቃውን በመያዣ የያዘው ባንክ ቅድሚያ አለው። ቀብድ ከፋዩ ገዢ ግን ዋስትና እንደሌለው አበዳሪ ከኋላ ይሰለፋል። መኪና የገዛ የመሰለው ሰው፣ ሳያውቀው ለድርጅቱ ያለ ወለድና ያለ መያዣ አበድሯል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የተቸገረ ድርጅት ሳይፈርስ መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ አስፍቷል፤ የቀብድ ከፋዩን የሰልፍ ቦታ ግን ወደ ፊት አላመጣውም።

ለዛሬ ገበያ

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ማገዱን አስታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ፣ ሙሉው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሆላንድ ካር ቢያገኘው በዕልልታ የሚቀበለው ማበረታቻ ነው። በዚህ ምክንያት ገጣጣሚው በዝቷል፣ አዳዲስ ስሞችም መጥተዋል።

የምንዛሪው አደጋ ግን አልቀረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ በምሳሌነት የተነሣው የ8,000 ዶላር ዕቃ ከ456,000 ብር ወደ 800,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የ2002ቱ ምት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቁንጥጫ ነው። ስለዚህ ለራሱም ሆነ ለንግድ መኪና የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ አይጎዳም።

አንደኛ፣ ዋጋው በብር ተቆርጧል ወይስ ምንዛሪ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል? የተቆረጠ ዋጋ ለገዢው ጥሩ ይመስላል፤ ሻጩን የሚያከስር ከሆነ ግን ገዢውንም ይዞት ይወድቃል። ልዩነቱን ሁለቱ ወገኖች በምን ያህል እንደሚካፈሉ በውሉ ቢጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ኤልሲ ተከፍቷል? መኪናው ወደብ ደርሷል ወይስ ገና በወረፋ ላይ ነው? ማስረጃውን በወረቀት ማየት ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ ለቀብዱ የባንክ ዋስትና ይሰጣል? ኮንትራክተር ለሚቀበለው ቅድሚያ ክፍያ ዋስትና የሚያቀርብ ከሆነ መኪና ሻጭ የማያቀርብበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ የመኪናው እውነተኛ አምራች ማን ነው? ከአገር ውስጡ ድርጅት ጋር ያለው ውል የስንት ዓመት ነው? ሊፋን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሩ ወደ ኪሳራ ሥርዓት መግባቱ ትልቅ ስምም እንደሚናወጥ ያስታውሳል።

አምስተኛ፣ መለዋወጫውና የባትሪው ዋስትና የሚገኘው የት ነው? ባሕር ዳር ላይ የቆመ መኪና በዓባይ በረሃ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ካልሄደ የማይጠገን ከሆነ፣ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ነው።

ስድስተኛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይገዛዋል? ይህን የሚያውቀው ሻጩ ሳይሆን ደላላው ነው። ደላላውም ቢሆን ኮሚሽኑ የአንድ ቀን፣ ስሙ ግን የዕድሜ ልክ መሆኑን አስቦ የሚያውቀውን ቢናገር ለራሱ ይጠቅመዋል።

ሆላንድ ካር የወደቀው ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አገር ውስጥ መገጣጠም፣ ለሠራተኛ ሙያ ማስተማር፣ በአገር ስም መጥራት ሁሉም ደግ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ክፉ ቀንን የሚያሻግር ጥሪት፣ ከአምራቹ ጋር የሚያስተሳስር ውልና ከምንዛሪ የሚከልል ዋጋ ነው። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት የትልቅ ወንዝ ስም ቢወጣለትም አያሻግርም። ዛሬ ስሙን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ነጋዴው መመዘን ያለበት በስሙ ሳይሆን በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው።